ከየት መጡ? ወዴት ይሄዳሉ?

ባለፈው ክረምት ቦንጋ ነበርኩ። ያረፍኩበትን ሆቴል ስም አልጠራም፤ ጥፋቱ የእሱ ብቻ አይደለምና። ከሦስት ቀን በፊት ደውዬ አልጋ ይዣለሁ። ከጅማ ቦንጋ መቶ ኪሎ ሜትር አለፍ ቢል ነው፤ እኔ ግን ከዝናብ ጋር ስጎተት መሽቶ ነው የደረስኩት። እንግዳ ተቀባይዋ ስሜን ጠየቀችኝ። አንድ ደብተር ገለጠች፤ ሌላ ደብተር ገለጠች፤ ወደ ኮምፒውተሩ ዞረች። መብራት ስለጠፋ ኮምፒውተሩም ጠፍቷል።

"ይቅርታ እህቴ፣ ስልጠና አለ። ክፍሎቹ በሙሉ ተይዘዋል" አለችኝ።

ነገሩ ሲጣራ ስልኬን ያነሳው ልጅ ስሜን ብጣሽ ወረቀት ላይ ጽፎ፣ ወረቀቱን ኪሱ ከቶ፣ ተራውን ጨርሶ ወጥቷል። አልጋዬ ልጁ ኪስ ውስጥ ቀርቷል ማለት ነው!

ልቆጣ ስዘጋጅ ልጅቷ ጃኬቴን ተቀበለችኝ። ከጓሮ ያለውን የራሷን ክፍል ለቀቀችልኝ፤ እሷ ጓደኛዋ ጋ አደረች። ከመሄዷ በፊት በሻማ ብርሃን ቡና አፍልታ ሦስቱንም ዙር አጠጣችኝ። እንግዲህ ፍረዱኝ፤ ይህ ሆቴል መስተንግዶ ያውቃል ወይስ አያውቅም?

በማግስቱ ጠዋት "መመዝገብ አለብሽ" ብላ ትልቁን መዝገብ አመጣችልኝ። ስም፣ የመታወቂያ ቁጥር፣ ከየት መጡ፣ ወዴት ይሄዳሉ። "ፖሊስ ሲመጣ ያየዋል" አለችኝ። እኔም ሙያዬ መጠየቅ ነውና ባለፈው ግንቦት ስንት እንግዳ እንደመጣ፣ ከየት እንደመጣ፣ ስንት ሌሊት እንዳደረ ቆጥረው ያውቁ እንደሆነ ጠየቅኳት። ሳቀች። "ለማን ብዬ?" አለች።

ይህች "ለማን ብዬ" ከቦንጋ እስክመለስ ጆሮዬ ላይ ቀረች። ጥያቄው ከሆቴሉ ዕድሜ በላይ የቆየ ነውና ትንሽ ወደ ኋላ ልመልሳችሁ።

ካፋ መንግሥት በነበረ ጊዜ ሰው እንደልቡ የሚገባበት አገር አልነበረም። ዙሪያው በጉድባና በአጥር የተጠበቀ ነው፤ መግቢያው በኬላ በኩል ነው፤ በኬላው ላይ ዘበኛ አለ። "ከየት መጣህ? ወዴት ትሄዳለህ?" የሚለው ጥያቄ እዚያው ይጀምራል። ቦንጋ የሲራራ ነጋዴ የሚደርስባት የገበያ ከተማ ነበረች። ዝባድ፣ የዝሆን ጥርስ፣ ኮረሪማ፣ ቡና ይወጣባታል፤ አሞሌ ጨውና ጨርቅ ይገባባታል። ሰውም እንደ ዕቃ ይሸጥባት ነበር። የቦንጋን የእንግዳ ታሪክ ስንጽፍ ይህንን ብንዘል ግማሹን ዋሸን ማለት ነው፤ ከነጋዴው ጋር ያደሩት ሁሉ እንግዶች አልነበሩም።

ፈረንሳዊው አንቷን ዳባዲ በ1840ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ካፋ የገባው እንዴት መሰላችሁ? በሰርገኛ መሐል ሆኖ ነው። የሊሙ እናርያው ንጉሥ አባ ባጊቦ ከካፋ ሙሽራ ሲያስመጣ፣ አምጪዎቹን ተቀላቅሎ ቦንጋ ደረሰ። ሚስዮናዊው ማሳያ ደግሞ በ1859 (እ.ኤ.አ.) ገብቶ በ1861 ተባረረ። እንግዳው የባለቤቱ ሳይሆን የንጉሡ ነበር። ማን ይግባ፣ የት ይረፍ፣ መቼ ይውጣ የሚለውን የሚወስነው ቤተ መንግሥቱ ነው።

በሰሜኑም ቢሆን ነገሩ ከዚህ ብዙ አይርቅም። ንጉሥ ያከበረው መንገደኛ ድርጎ ይታዘዝለታል፤ እንጀራውን፣ በጉን፣ ጠጁን የሚያቀርበው ግን ገበሬው ነው። እንግዳው ይበላል፣ ጌታው ይመሰገናል፣ ገበሬው ይከፍላል። እንግዳ ተቀባይነታችንን ስናወድስ ሂሳቡን ማን እንደከፈለ ብዙ ጊዜ አንጠይቅም።

በ1890 ዓ.ም. መባቻ የመጨረሻው የካፋ ንጉሥ ታቶ ጋኪ ሸሮቾ በራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር ተማርኮ ወደ ሸዋ ተወሰደ። ጦሩን ተከትሎ ያለፈው ሩሲያዊ መኮንን ቡላቶቪች የወደመ አገር አይቶ ጽፏል። ከዚያ በኋላ የመጣው "እንግዳ" ሳይጋበዝ ገብቶ፣ ገባር ተመርቶ የተቀመጠ ወታደር ነው። ይህ እንግዳ ስንት ቀን ይቆያሉ ተብሎ አይጠየቅም። የካፋ ሰው ማብላት በግድ ሲሆን ምን እንደሚመስል ከማንም በላይ ያውቃል።

በዚያው ዘመን መጨረሻ ገደማ አዲስ አበባ ላይ እቴጌ ጣይቱ ሆቴል ከፈቱ። መጀመሪያ ሰው አልመጣም ይባላል፤ ምግብ በገንዘብ መግዛት ነውር ነበርና። አፄ ምኒልክ መኳንንቱን ይዘው ሄደው፣ በልተው፣ ከፍለው አሳዩ እየተባለ ይተረካል። እኔ በዚህ ታሪክ ውስጥ የሚገርመኝ ምግቡ ሳይሆን ክፍያው ነው። እንግዳው ሲከፍል "ይህ ጎድሏል" የማለት መብት ያገኛል። ባለቤቱም ስንት እንደገባና ስንት እንደወጣ መቁጠር ግድ ይሆንበታል። ማኔጅመንት የምንለው ነገር የሚጀምረው እዚህ ጋ ነው።

ቦንጋ ግን ለዚህ ለውጥ ዳር ሆና ቆየች። የካፋ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ ጅማ ነበረች፤ ሹሙም ባንኩም ነጋዴውም እዚያ ነው። የኢትዮጵያ ቱሪስት ድርጅት በ1950ዎቹ በሀብተሥላሴ ታፈሰ መሪነት "የ13 ወር ፀጋ" ብሎ አገሪቱን ሲያስተዋውቅ የጎብኚው መንገድ የሚያመራው ወደ አክሱም፣ ላሊበላና ጎንደር ነበር። በ1961 ዓ.ም. አዲስ አበባ የሆቴል ባለሙያ ማሰልጠኛ ተቋም ተከፈተ። በ1967 ዓ.ም. ትልልቆቹ ሆቴሎች ተወረሱ፤ ሥራ አስኪያጁም የመንግሥት ተሿሚ ሆነ። እንግዳው እንደገና የመንግሥት ሆነ ማለት ይቻላል።

ቴክኖሎጂውስ? እሱም የራሱ ታሪክ አለው። ጣሊያናዊው ሉዊጂ ቤዜራ በ1901 (እ.ኤ.አ.) የፈጠራ መብቱን የጠየቀበት የኤስፕሬሶ ማሽን ከጣሊያኖች ጋር አገራችን ገባ፤ ባንኮኒውንና ማኪያቶውን ይዞ። ዛሬ ቦንጋ ውስጥ፣ ቡና በዱር በሚበቅልበት አገር፣ መብራት ሲጠፋ "ቡና የለም" ሊባሉ ይችላሉ። የለም የተባለው የማሽኑ ነው። በረንዳው ላይ ጀበናዋ ከሰል ላይ ተጥዳ ትንተከተካለች። ማሽኑን አልጠላሁም፤ ነገር ግን መብራት ሲጠፋ ጀበናዋን ወደ ውስጥ የሚያስገባ ሰው ካልተመደበ ችግሩ የቴክኖሎጂ አይደለም።

ኮምፒውተሩም እንደዚያው ነው። መብራት ሲኖር ኮምፒውተር፣ ሲጠፋ ደብተር፣ ስልክ ሲደወል ብጣሽ ወረቀት። ሦስቱ አይነጋገሩም። ቴሌብር ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ አለ፤ ከሩቅ የሚመጣ እንግዳ አልጋ ሲይዝ ትንሽ ቀብድ በስልክ ቢልክ ስሙ በልጁ ኪስ አይቀርም ነበር። ለዚህ የሚያስፈልገው አዲስ ማሽን አይደለም፤ ቀብዱን ተቀብሎ በአንድ መዝገብ ብቻ የሚጽፍ ሰው ነው።

ታዲያ ባለቤቱ ለምን አይጨነቅም? ምክንያቱም አልጋው ይሞላል። ቦንጋ በ2014 ዓ.ም. የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል የፖለቲካና የአስተዳደር ማዕከል ከሆነች ወዲህ ስብሰባና ስልጠና አይታጣም። አበል ያለው እንግዳ ስለ ሙቅ ውኃ ብዙ አይከራከርም፤ ደረሰኙ ከተስተካከለለት ይበቃዋል። እንግዳው ሌላ፣ ከፋዩ ሌላ! ከድርጎ ዘመን ምን ያህል ራቅን?

ሆኖም ካፋን ሊያይ የሚመጣው ሌላ እንግዳ አለ። ካፋ፣ ደኑን ጨምሮ ወደ 760 ሺህ ሄክታር የሚሆነው ስፍራ፣ በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት ተመዝግቧል። ቦንጋ ብሔራዊ የቡና ሙዚየም አላት፤ የእግዜር ድልድይም አለ። በዚያው ክልል ዳውሮ ውስጥ፣ በ2012 ዓ.ም. ይፋ በሆነው ገበታ ለሀገር፣ ሀላላ ኬላ ሪዞርት ተሠርቷል። ስሙን ልብ በሉ፤ የጥንቱ ንጉሥ ኬላ ዛሬ የእንግዳ ማረፊያ ነው። ይህ ዓይነቱ እንግዳ ከኪሱ ይከፍላል፣ ያማርራል፣ ለወዳጁም ይናገራል። ስልጠናው አንድ ቀን ቢቀንስ ሆቴሉን የሚያኖረው እሱ ነው። ማን እንደሆነ፣ በየትኛው ወር እንደሚመጣ፣ ለምን በአንድ ሌሊት እንደሚሄድ የሚያውቀው ደግሞ ያ ትልቁ መዝገብ ነው። ዓመት ሙሉ ተጽፎበት፣ ፖሊስ አይቶት፣ ሲያልቅ መጋዘን ይወረወራል።

የዚያች ልጅ ነገር ነው የሚያሳዝነኝ። በሆቴል ሥራ ዲፕሎማ አላት፤ ካፊኖኖ፣ አማርኛና በቂ እንግሊዝኛ ትናገራለች። ከመሄዴ በፊት መሳቢያዋን ከፍታ አንድ የተማሪ ደብተር አሳየችኝ። ውስጡ እንግዶች ምን እንደጠየቁ ጽፋለች፦ ወደ ደን የሚመራ ሰው፣ የጾም ቁርስ፣ የጀበና ቡና፣ ሙቅ ውኃ። ከአጠገቡ ስንቴ እንደተጠየቀ በጭረት ቆጥራለች። ስጠይቃት ለማን ብዬ ያለችኝ ልጅ ማንም ሳያዛት ስትቆጥር ኖራለች! ለአለቃዋ አሳይታው እንደሆነ ጠየቅኳት። "ጠይቆኝ አያውቅም" አለች።

ባለፈው ወር ለሰላምታ ደወልኩ። ሌላ ሰው አነሳ። ልጅቷ ሥራ ለቃለች፤ ደብተሯስ? አያውቅም። "ከየት ነው የሚደውሉት?" ብሎ ጠየቀኝ።

የቦንጋ ባለሆቴሎች ሆይ፣ ኮምፒውተር ከመግዛታችሁ በፊት ያለፈውን ወር መዝገብ አንድ ምሽት ተቀምጣችሁ ቁጠሩት። እንግዳ ተቀባያችሁንም አጠገባችሁ አስቀምጧት።