ማጠንጠኛ

«ታሪኩ የሚያጠነጥነው በፍቅር ላይ ነው» የሚል ጋዜጠኛ ቃሉን ከፈታይ መዋሱ ትዝ አይለውም። ማጠንጠን ክርን በአንድ ነገር ዙሪያ መጠምጠም ነው። ስማዳ ወይም እስቴ ውስጥ ፈታይዋ ባዘቶዋን ይዛ እንዝርቷን ጭኗ ላይ ስታሾር፣ ክሩ እንጨቱ ላይ ይጠቀለላል። ሲሞላላት ልቃቂቱን በጣቷ ገፋ አድርጋ ታወጣዋለች፤ እንጨቱ ቀጭንና ልሙጥ ነውና አያስቸግራትም።

የነፋስ መውጫ ከተማን ጣራ የሚያለብሰው ቆርቆሮም ሞገድ ከመያዙ በፊት ጥቅል ነበር። ችግሩ ክብደቱ ነው፦ ብዙ ቶን የሚመዝን ላሜራ ተወጥሮ ሲጠመጠም ዘንጉን አንቆ ይይዘዋል፤ በጣት ገፋ ማድረግ ብሎ ነገር የለም። ስለዚህ የፋብሪካው ማጠንጠኛ ራሱ ያብጣል፣ ይከሳል። («ማንድሬል» ይሉታል፤ እኔ ግን ማጠንጠኛን አልለቅም።) ዙሪያው አንድ ወጥ አይደለም፤ ብዙውን ጊዜ ከ4 ክፋዮች የተገጠመ ነው። በመሐል ያለው ሾጣጣ ዘንግ በሃይድሮሊክ ሲሳብ እንደ ሽብልቅ ክፋዮቹን ወደ ውጭ ይገፋል፤ ሲመለስ ይሰበሰባሉ፣ ጥቅሉም ይለቃል። የተለመደው የጥቅል ቀዳዳ ስፋት 508 ወይም 610 ሚሊ ሜትር ነው።

ሸማኔው ይህ ሁሉ ጣጣ የለበትም፤ ድውሩን ከነቀሰሙ መወርወሪያው ውስጥ ይከተዋል።