ድርጅቱና ካሜራው

የድርጅት ፊልም ሲባል በብዙዎቻችን ዓይነ ኅሊና የሚሣለው ትዕይንት አንድ ዓይነት ነው። ሪባን ይቆረጣል፤ የሥራ ኃላፊው ከጠረጴዛቸው ኋላ ሆነው ንግግር ያሰማሉ፤ ተራኪው ግርማ ባለው ድምፅ የተገኘውን ውጤት በቁጥር ይዘረዝራል። ፊልሙ በተመረቀበት ዕለት ይጨበጨብለታል፤ ከዚያ ወዲያ ግን ከመደርደሪያው የሚያወርደው አይገኝም። በአንጻሩ የብሪታንያ ፖስታ መሥሪያ ቤት በ1936 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ስለ ገዛ ሥራው ያሠራው፣ 24 ደቂቃ ያህል የሚወስድ አንድ ፊልም ዛሬም ይታያል፤ ይጠናል። የልዩነቱ ምንጭ ምን ይሆን?

ዘጋቢ ፊልም ገና ከጥንስሱ የድርጅት ገንዘብ ያልተለየው ጥበብ ነው። አሜሪካዊው ሮበርት ፍላኸርቲ ስለ ሰሜን ካናዳ የኢኑይት ሕዝብ ኑሮ የሠራውንና በ1922 ለሕዝብ የታየውን የ«ናኑክ»ን ወጪ የሸፈነው፣ ሬቪዮን ፍሬር የተባለው የፈረንሳይ የአውሬ ቆዳ ነጋዴ ኩባንያ ነበር። በመንግሥት መሥሪያ ቤት ጥላ ሥር የፊልም ቡድን አደራጅቶ ነገሩን መሥመር ያስያዘው ግን ስኮትላንዳዊው ጆን ግሪርሰን ነው።

ግሪርሰን በ1927 የተቀጠረው የብሪታንያን ግዛቶች ምርት ለማስተዋወቅ በተቋቋመው የገበያ ቦርድ ነበር። የቦርዱ ዋና ጸሐፊ ስቲፈን ታለንትስ ሐሳቡን ደገፉለት፤ ገንዘቡን የሚፈቅደው ግን ግምጃ ቤቱ ነበር። ከግምጃ ቤቱ ባለሥልጣኖች አንዱ አርተር ማይክል ሳሙኤል፣ ሄሪንግ ስለተባለው የባሕር ዓሣ ታሪክ መጽሐፍ የጻፉ ሰው ነበሩና የፊልሙ ርእስ ይኸው ዓሣ እንዲሆን ተመረጠ። ግሪርሰን የባለሥልጣኑን ዝንባሌ ፈቃድ ለማግኘት ተጠቀመበት፤ ካሜራውን ግን ወደ ባለሥልጣኑ አላዞረም። በ1929 የታየው ድምፅ አልባው «ድሪፍተርስ» በሰሜን ባሕር ሞገድ ላይ መረብ የሚስቡትን ዓሣ አጥማጆች ክንድ አሳየ። በዚያ ዘመን የእንግሊዝ ፊልም ሠራተኛውን የሚያቀርበው ብዙውን ጊዜ ለሳቅ ማጫሪያ ስለ ነበር፣ ይህ ቀላል ነገር አልነበረም።

ቦርዱ በ1933 ሲዘጋ ቡድኑ ወደ ፖስታ መሥሪያ ቤቱ ተዛወረ። ሃሪ ዋትና ባሲል ራይት ያዘጋጁት «ናይት ሜይል»፣ ማለትም የሌሊቱ ፖስታ፣ የተወለደው በዚያ ነው። ካሜራው ከለንደን ተነሥቶ ሌሊቱን ወደ ስኮትላንድ የሚገሠግሠውን የፖስታ ባቡር ይከተላል። ሠራተኞቹ በጉዞ ላይ ደብዳቤውን በየሣጥኑ ይደለድላሉ፤ በቆዳ የተጠቀለሉ የፖስታ ከረጢቶች ባቡሩ ሳይቆም በሐዲዱ ዳር በተዘረጋ መረብ ይቀለባሉ። ፉርጎው ለካሜራና ለመብራት አልመች ስላለ የመደልደያው ክፍል በስቱዲዮ ተሠርቶ፣ እውነተኞቹ የፖስታ ሠራተኞች ባቡር እንደሚያንገላታው ሰው እየተወዛወዙ ሥራቸውን እንዲያሳዩ ተደረገ። ይህ ማታለል ነው የሚል ይኖር ይሆናል። ሆኖም ሰዎቹም፣ የእጃቸው ቅልጥፍናም፣ የሥራው ሥርዓትም እውነተኛ ነበሩ። በመጨረሻ የኦደን ግጥምና የብሪተን ሙዚቃ ከባቡሩ ምት ጋር ተዋሕደው ተመልካቹን ደብዳቤ ወደሚጠብቁት ሰዎች ደጅ ያደርሱታል። ሚኒስትሩ ንግግር አላደረጉም፤ መሥሪያ ቤቱ በሠራተኞቹ አማካይነት ተናገረ።

ታዲያ ድርጅቱ ራሱን ከመጋረጃ ኋላ ማድረጉ ብቻ ይበቃልን? አይበቃም። በ1935 አርተር ኤልተንና ኤድጋር አንስቲ በጋዝ ኢንዱስትሪው ገንዘብ «የመኖሪያ ቤት ችግሮች» የተሰኘውን ፊልም ሠሩ። የምሥራቅ ለንደን ድሆች ስለ አይጡ፣ ስለ ትኋኑ፣ ስለሚፈራርሰው ግድግዳ በገዛ አንደበታቸው ተናገሩ፤ ይህም በዘመኑ ታላቅ እርምጃ ነበር። የዚያን ሁሉ ጉስቁልና ኪራይ ማን ይሰበስብ እንደ ነበር ግን ፊልሙ አጥብቆ አልጠየቀም። አሮጌው ቤት ፈርሶ አዲሱ ሲሠራ ጋዝ ገበያ ያገኝ ነበርና የከፋዩ ጥቅም ከጥያቄው ዳርቻ ላይ ቆሞ ነበር።

የከፋው ምሳሌ የፍላኸርቲ የራሱ ነው። በ1948 የታየውን «የሉዊዚያና ታሪክ» ያሠራው የኒው ጀርሲው ስታንዳርድ ኦይል ሲሆን፣ ኩባንያው ስሙ በፊልሙ እንዲጠቀስ እንኳ አልፈለገም። አንድ ብላቴና በጀልባው በሚንሸራሸርበት ረግረግ የነዳጅ መቆፈሪያ ማማ ይመጣል፤ ሥራውን ጨርሶም ይሄዳል፤ ውኃውና ዛፉ እንደ ነበሩ ይቀራሉ። የፊልሙ ሙዚቃ በ1949 የፑሊትዘርን ሽልማት አገኘ። ረግረጉ ግን እንደ ነበረ አልቀረም። ለነዳጅ ሥራ የተቆፈሩት ቦዮች የሉዊዚያና ጠረፍ ረግረጎች በስፋት እንዲጠፉ ካደረጉት ምክንያቶች መካከል ዛሬ ይቆጠራሉ። ፊልሙ ውብ ነው፤ የሰጠው ተስፋ ግን ከጊዜው ጋር አብሮ አልዘለቀም።

እንግዲህ ፊልም ለማሠራት የተነሣ ድርጅት ሥራው የሚከናወነው በማን እጅ እንደ ሆነ ለይቶ ካሜራውን ወደዚያ ማቅናት ይኖርበታል። ከዚህም የሚከብደው፣ ደስ የማያሰኘው ነገር እንዲታይ መፍቀድ ነው። በ«ናይት ሜይል» አንድ ጀማሪ ሠራተኛ ከረጢቱ የሚለቀቅበትን ቅጽበት ለመለየት ድልድዩንና የሐዲዱን ምት ሲቆጥር፣ አሁን ነው ወይስ ገና እያለ ሲያመነታ እናየዋለን። የዚህ ሰው ማመንታት መታየቱ መሥሪያ ቤቱን አላዋረደውም፤ ደብዳቤ በሰዓቱ መድረሱ ምን ያህል ጥንቃቄ እንደሚጠይቅ ያስረዳን እርሱ ነውና።