ከኩታበር ገደል የመጣ ቁስል

ስሙኝማ፣ የቡልጋሪያ ሰፈር ሰዎች! ቡናው እስኪፈላ ላጫውታችሁ።

ከደሴ አለፍ ብላ ካለችው ከኩታበር አንድ ዘመድ መጥቶ እናንተ ዘንድ ቢያርፍና አፍንጫው ላይ ቁስል ብታዩ፣ አደራችሁን፣ ስኒ እንዳትለዩበት። ቁስሏ ስትጀምር ብጉር ትመስላለች፤ እምብዛም አታምም፣ ጥቂት ታሳክክ ይሆናል። ሳምንታት ሲያልፉ ትሰፋለች፤ ዳርዳሯ ያብጣል፣ ላይዋ ቅርፊት ይይዛል። የአገሬው ሰው ቁንጭር ይላታል። ጠበል የተጠመቀላት፣ ቅጠል የቀባት፣ በጋለ ብረት የተኮሳት ስንቱ ነው!

ነገሩ የሚጀምረው ከገደሉ ነው። እዚያ ሽኮኮ ትኖራለች፤ ዳዊት የሚደግም ሁሉ ያውቃታል። በቆዳዋ ውስጥ ሊሽማኒያ የሚባል በዓይን የማይታይ ጥገኛ ተሕዋስ ተሸክማ፣ እሷ ግን ደህና መስላ ትውላለች። ሲመሽ ከአለቱ ስንጥቅ የአሸዋ ዝንብ ትወጣለች። ከትንኝ ታንሳለች፣ ስትበር ድምፅ የላትም፣ በተራ አጎበር ቀዳዳ ትሾልካለች። የሽኮኮዋን ደም የመጠጠች ዝንብ ቀን ቆጥራ ገደል ሥር የተኛውን ልጅ ፊት ትነክሳለች። ቁስሉ የሚወጣው ከሳምንታት፣ አንዳንዴም ከወራት በኋላ ነውና ንክሻውን ማን ያስታውሰዋል?

በእንዶድ ምርምራቸው የምናውቃቸው አክሊሉ ለማ ከባልደረቦቻቸው ጋር ይህን የደጋ በሽታ አጥንተው እ.ኤ.አ. በ1969 አሳትመዋል። በ1973 ደግሞ የእኛው አገር ተሕዋስ ራሱን የቻለ ዝርያ መሆኑ ተለይቶ ሊሽማኒያ ኢትዮፒካ ተባለ። ዛሬ በየዓመቱ ከ20,000 እስከ 50,000 ሰው በዚህ ቁስል እንደሚያዝ ይገመታል። ይህን ያህል ሕዝብ ፊቱን በነጠላ ሸፍኖ ሲኖር ወሬው እንዴት አዲስ አበባ አይደርስም? እኔን የሚያንገበግበኝ ይህ ነው።

ከቁንጭር አንዱ ዓይነትማ መላ አካል ላይ ይሰራጫል፤ እብጠቱ ከሥጋ ደዌ ጋር ይምታታል። በሽተኛው ያልያዘውን በሽታ ስም ተሸክሞ ይገለላል።

ስለዚህ ከዚህ ወደ ሜክሲኮ አደባባይ ወጥታችሁ ለዚያ ዘመዳችሁ የዘነበወርቅ ታክሲ ያዙለት። ለሥጋ ደዌ ሕክምናና ሥልጠና እ.ኤ.አ. በ1965 የተቋቋመው አለርት እዚያ ነው፤ ቁንጭርንም ያውቀዋል። ባለሙያው የቁስሉን ዳር በሁለት ጣት ቆንጥጦ ደሙ ሸሸት ሲል በምላጭ ጫፍ ጫር ያደርጋል። የወጣችውን ጠብታ መስታወት ላይ ቀብቶ፣ ቀለም አጠጥቶ በማይክሮስኮፕ ያያል። ትንሿን ቁስል በፈሳሽ ናይትሮጅን ማቀዝቀዝ ይቻላል። የጠናው መርፌ ያስፈልገዋል፤ መርፌውም በየቀኑ፣ ለሳምንታት ነው። የሚሰራጨውማ ታክሞም ያገረሻል።

እንግዲህ ዘመዳችሁ ለእነዚያ ሳምንታት ማደሪያ ይሻል። እጁን ብትጨብጡት፣ ከአንድ ትሪ አብራችሁት ብትበሉ፣ ከልጆቻችሁ ጋር ቢተኛ አይጋባባችሁም።