የዮርዳኖስ ወጣት ጎረቤታሞች

ጥምቀት በመጣ ቁጥር ስሙ የሚወሳው ዮርዳኖስ በአብዛኞቻችን ሕሊና ውስጥ ሰፊ፣ ጥልቅና የሚያስፈራ ወንዝ ነው። ልጆቻችንን በስሙ እንጠራለን፤ ለከተራ የገደብነውን ኩሬ የእርሱ ምሳሌ እናደርገዋለን። ኢየሩሳሌምን ተሳልመው የተመለሱ ግን ሌላ ነገር ይነግሩናል። በጥምቀቱ ሥፍራ ወንዙ የጥቂት ሜትር ስፋት ያለው ደፍራሳ ውኃ ነው፤ ወዲህ የቆመ ተሳላሚ ወዲያ ማዶ ካለው ጋር ሳይጮኽ ሊነጋገር ይችላል። በመካከላቸው ግን የሁለት አገር ድንበር ያልፋል፤ በግራም በቀኝም ወታደር አለ።

ዮርዳኖስ ቀድሞ እንዲህ አልነበረም። በዓመት ወደ 1.3 ቢሊዮን ሜትር ኩብ የሚጠጋ ውኃ ወደ ሙት ባሕር ያፈስ ነበር። በ1932 (የዚህ ጽሑፍ ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ወንዙ ከገሊላ ባሕር በሚወጣበት ደጋንያ ላይ ግድብ ተሠራ። በ1964 እስራኤል የገሊላን ውኃ በቧንቧና በቦይ ወደ ደቡብ መውሰድ ጀመረች። የዮርዳኖስ መንግሥት በበኩሉ ያርሙክ የተባለውን ገባር ጠለፈ፤ ሶርያም በላይኛው ተፋሰስ ግድብ በግድብ ላይ ደረበች። ሁሉም የየራሱን ሲወስድ ለወንዙ የተረፈው ከአሥር እጅ አንዱን እንኳ አልሞላም። በጎደለው ምትክ የገባበት ፍሳሽ፣ የዓሣ ኩሬ እጣቢና ጨዋማ የምንጭ ውኃ ነው። ፍልስጤማውያን ደግሞ ከ1967ቱ ጦርነት ወዲህ የወንዙ ተካፋይነታቸው ቀረ። ዳርቻው ወታደራዊ ቀጠና ሆነ፤ እቴጌ መነን ያሠሩት የኢትዮጵያ ገዳም ሳይቀር በሥፍራው ያሉ ገዳማት በፈንጂ ተከበው ባዶ ቀሩ።

የወንዙ መድረቅ ለረጅም ጊዜ የሚቆረቆርለት ያጣው ስለዚህም ይመስለኛል፤ ሰው ወደማይደርስበት ወንዝ ማን ሄዶ ያለቅሳል? ነገሩ መለወጥ የጀመረው በኦስሎ ስምምነት ማግስት ነው። በ1994 የእስራኤል፣ የፍልስጤም፣ የዮርዳኖስና የግብፅ የተፈጥሮ ተቆርቋሪዎች ጣባ ላይ ተሰብስበው ዛሬ ኢኮፒስ የሚባለውን ድርጅት መሠረቱ። በ1996 ደግሞ በደቡብ እስራኤል በረሃ፣ በኪቡጽ ቀጡራ፣ የአራቫ የአካባቢ ጥናት ተቋም ተከፈተ። እዚያ አይሁድ፣ ሙስሊምና ክርስቲያን ወጣቶች በአንድ ግቢ እየኖሩ ይማራሉ። ስለ ውኃና ስለ ፀሐይ ኃይል ከሚማሩት ሌላ፣ ስለ ጦርነቱና ስለ መሬቱ ፊት ለፊት ተቀምጠው የሚነጋገሩበት ሰዓት አላቸው። ይህም ሰዓት እንደ ሌላው ትምህርት ሁሉ ግዴታ ነው፤ የተቋሙ ብልኅነት እዚህ ላይ ነው።

ለእኔ ግን ከሁሉ የሚልቀው ኢኮፒስ በ2001 የጀመረው «መልካም የውኃ ጎረቤቶች» የተሰኘው ሥራ ነው። ዘመኑን ልብ ይሏል፤ ሁለተኛው ኢንቲፋዳ የሚነድበት ጊዜ ነበር። 11 መንደሮችና ከተሞች ተመረጡ፤ እያንዳንዱም ከድንበር ማዶ ውኃ ከሚጋራው ጎረቤቱ ጋር ተጣመረ። ቁጥራቸው በኋላ 28 ደረሰ። ለተማሪዎቹ መጀመሪያ የተሰጣቸው ሥራ ተቃቅፎ ፎቶግራፍ መነሣት አልነበረም። የትምህርት ቤታቸው ጣሪያ የዝናብ ውኃ እንዲያጠራቅም ማድረግ፣ የእጅ መታጠቢያውን ውኃ ለሌላ አገልግሎት መመለስ፣ የሰፈራቸው ፍሳሽ የት እንደሚገባ ማየት ነበር። ፍሳሽ የተከተለ ልጅ ደግሞ ውሎ አድሮ ድንበር ዘንድ ይደርሳል። ከናብሉስና ከቱልካርም የሚወርደው ፍሳሽ ወደ እስራኤል ዘልቆ በኤመቅ ሄፈር የሚያልፈውን የአሌክሳንደር ወንዝ ይበክል ነበር። አጥርና ግንብ ሰው ያቆማል፤ ፍሳሽ አያቆምም። ማዶ ያለውን ወገን ውደደው ቢሉት እምቢ የሚል ወጣት፣ አብሮት የቆሻሻውን ጉድጓድ ሥራልኝ ብሎ ለከንቲባው አቤት ለማለት ግን እምቢ አይልም።

ሃይማኖቱስ የት አለ ይባል ይሆናል። ዮርዳኖስ ለአይሁድ ኢያሱ ሕዝቡን ያሻገረበት፣ ለክርስቲያን ጌታ የተጠመቀበት፣ ለሙስሊም ደግሞ ሰሐቦች የተቀበሩበት ሸለቆ ነው። ከተቀበሩት መካከል አቡ ዑበይዳ ኢብን አል-ጀራሕና ሹራሕቢል ኢብን ሐሰና ይገኙባቸዋል። ሁለቱንም የእስልምና ታሪክ ጸሐፊዎች ቀድሞ ወደ ሐበሻ ከተሰደዱት ተርታ ይቆጥሯቸዋል፤ የነጃሺን ምድር የጠጡ ሰዎች ናቸው ማለት ነው። ኢኮፒስ በዮርዳኖስ በኩል ወጣቶችን የሚያሰፍርበት የተፈጥሮ ፓርክ በሹራሕቢል ስም ይጠራል። ድርጅቱ ለምእመናን የማስተማሪያ ጽሑፍ ሲያዘጋጅም ሦስቱን እምነቶች በአንድ ድስት አልቀላቀለም፤ ለእያንዳንዱ በገዛ ቅዱስ መጽሐፉ የሚናገር ሦስት የተለያየ ጽሑፍ አወጣ። ደግ አደረገ እላለሁ። ሙስሊሙን እንደ ሙስሊም፣ አይሁዱን እንደ አይሁድ ያላከበረ ስብሰባ ከቡና በኋላ ይበተናል።

የዚህ ሥራ ፍሬ በዓይን የታየው በቤተ ልሔም አጠገብ ባለችው ባቲር ነው። ባቲር በእርከን እርሻዋ የታወቀች የፍልስጤማውያን መንደር ናት። የምንጯን ውኃ ስምንት ነባር ቤተሰቦች በየቀኑ ተራ ይካፈሉታል፤ ስለዚህም የባቲር ሳምንት ስምንት ቀን ነው ይባላል። የውኃ አባት ያለበትን የአገራችንን መስኖ የሚያውቅ አንባቢ ነገሩ አይገርመውም። የእስራኤል መለያ ግንብ በእርከኖቹ መካከል ሊያልፍ በታቀደ ጊዜ የመንደሩ ሰዎችና ኢኮፒስ ፍርድ ቤት ሄዱ። በ2012 የእስራኤል መንግሥት የራሱ የተፈጥሮና የፓርኮች ባለሥልጣን ግንቡ እርከኑን ያጠፋል ሲል ከአቤት ባዮቹ ጎን ቆመ። በ2014 ባቲር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገበች፤ በ2015 መጀመሪያም የግንቡ ሥራ ባለበት ቆመ።

ይሁንና ነገሩን ማሳመር አያሻም። ብዙ ፍልስጤማውያን እንዲህ ያለውን ግንኙነት ግፉን እንደ ደንብ መቀበል አድርገው ያዩታል፤ ለተሳተፈ ወጣት ከሠፈሩ የሚጠብቀው ምስጋና ላይሆን ይችላል። ወቀሳው ከንቱ አይደለም፤ በቧንቧው ላይ እጅ ያለውና የሌለው አብረው ስለ ቁጠባ ሲማሩ ትምህርቱ እኩል አይደርሳቸውም። በጥቅምት 2023 የተቀጣጠለውን ጦርነትም ሃያ ዓመት ሙሉ አብረው ጣሪያ ላይ የወጡት ተማሪዎች ሊያስቀሩት አልቻሉም።

በ2013 እስራኤል ለወንዙ ደኅንነት ሲባል ከገሊላ ጥቂት ውኃ መልቀቅ ጀመረች፤ ከተወሰደው አንጻር ጠብታ ነው። በ2018 ሃሎ ትረስት የተባለው ድርጅት በጥምቀቱ ሥፍራ ፈንጂ ማምከን ጀመረ። መጀመሪያ ከጸዱት አጥቢያዎች አንዱ የኢትዮጵያ ገዳም ነበር።