የመሬት ይዞታ መረጃ ከመጠባበቂያ ቅጂ ሲመለስ ለምን ጊዜ ይወስዳል?

ለውርስ ምዝገባ፣ ለስጦታ፣ ለኪራይ ውል ወይም ለብድር ዋስትና ወደ ወረዳ የገጠር መሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት የሚሄድ ባለይዞታ አንዳንድ ጊዜ «ሲስተሙ ተበላሽቷል፤ መረጃው እየተመለሰ ነው» የሚል ምላሽ ሊያገኝ ይችላል። የመረጃው ቅጂ በሌላ ቦታ ተቀምጦ ሳለ ሥራው ሰዓታትን፣ አልፎ አልፎም ቀናትን የሚወስደው ለምን እንደሆነ ብዙ ተገልጋዮች ይጠይቃሉ። ይህ ጽሑፍ የመዘግየቱን ምክንያትና ተገልጋዩ በዚህ ጊዜ ሊያደርገው የሚገባውን ጥንቃቄ፣ ደብረ ማርቆስንና አካባቢዋን በምሳሌነት በመውሰድ ያብራራል።

የሚመለሰው መረጃ ምንድን ነው?

በአማራ ክልል የገጠር መሬት ይዞታ ምዝገባ በ1995 ዓ.ም. አካባቢ ሲጀመር፣ በደብረ ማርቆስ ዙሪያ የሚገኘው የጎዛምን ወረዳ ሥራው በሙከራ ደረጃ ከተካሄደባቸው ስፍራዎች አንዱ ነበር። በመጀመሪያው ደረጃ ምዝገባ የማሳው ወሰን በአዋሳኞች ምስክርነት እየተለየ በመዝገብ ላይ በእጅ ይጻፍ ነበር፤ ለባልና ሚስትም የሁለቱ ስምና ፎቶግራፍ ያለበት የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ይሰጥ ነበር። በሁለተኛው ደረጃ ምዝገባ ግን የእያንዳንዱ ማሳ ወሰን በአየር ፎቶግራፍና በዘመናዊ የቅየሳ መሣሪያዎች እየተለካ ካርታ ይዘጋጅለታል፤ መረጃውም በኮምፒዩተር ይያዛል።

በመሆኑም የአንድ ማሳ መረጃ ከስም ዝርዝር የሰፋ ነው። የባለይዞታዎች ማንነት፣ የማሳው መለያ ቁጥር፣ ስፋቱ፣ የወሰኑ ነጥቦች፣ አዋሳኞቹና በውርስ፣ በስጦታ ወይም በኪራይ የተደረጉ ለውጦች ሁሉ እርስ በርሳቸው የተያያዙ ናቸው። መረጃ ተመለሰ የሚባለው ይህ ትስስር ሳይዛባ ሲገኝ ነው።

መዘግየቱ ከየት ይመጣል?

1. የብልሽቱን መንስኤ ከመለየት። ሰርቨሩ የወደቀበት ምክንያት ሳይታወቅ ቅጂውን መጫን ጉዳቱን ሊደግመው ይችላል። ሃርድ ዲስኩ ተጎድቶ ከሆነ መቀየር አለበት፤ ተተኪው ዕቃ በአቅራቢያ ካልተገኘም ከባሕር ዳር ወይም 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ከምትርቀው አዲስ አበባ ሊመጣ ይችላል። መንስኤው ቫይረስ ከሆነ ደግሞ ቅጂው ራሱ አለመበከሉ አስቀድሞ ይመረመራል።

2. ከመረጃው መጠንና ከመስመሩ ፍጥነት። 1 ቴራባይት መረጃ በሰከንድ 100 ሜጋባይት ከሚያነብ ሃርድ ዲስክ ሲገለበጥ 3 ሰዓት ያህል ይወስዳል። ይኸው መረጃ በሰከንድ 100 ሜጋቢት በሚያስተላልፍ የኢንተርኔት መስመር ሲመጣ ከ22 ሰዓት በላይ፣ በ10 ሜጋቢት መስመር ደግሞ ከ9 ቀን በላይ ይፈጃል። ይህም መስመሩ ለሌላ ሥራ ሳይውልና ሳይቋረጥ ሲቀር ነው። በክረምት መብራት ሲጠፋ ወይም ኔትወርክ ሲቆራረጥ ሥራው ከተቋረጠበት ሊቀጥል፣ አንዳንድ ጊዜም ከመጀመሪያው ሊጀመር ይችላል።

3. ከቅጂዎች ቅደም ተከተል። ሙሉውን መረጃ በየዕለቱ መቅዳት ቦታና ጊዜ ስለሚጠይቅ፣ በብዙ ተቋማት በሳምንት አንድ ሙሉ ቅጂ፣ በሌሎቹ ቀናት ደግሞ የዕለቱ ለውጥ ብቻ ይቀዳል። ሲመለስ መጀመሪያ ሙሉው ቅጂ፣ ቀጥሎም የየቀኑ ለውጥ በተራ ይጫናል። የረቡዕ ቅጂ ከተበላሸ የሐሙስንና የዓርብን በላዩ ላይ መጫን አይቻልም።

4. ከማጣራት ሥራ። ፋይሎቹ ተገልብጠው ሲያልቁ የመረጃ ቋቱ እንደገና ይደራጃል፤ እያንዳንዱ ካርታ ከትክክለኛው ባለይዞታ ጋር መገናኘቱም ይፈተሻል።

ይህ ችግር የወረዳ ጽሕፈት ቤቶች ብቻ አይደለም። ጊትላብ የተባለው ዓለም አቀፍ የሶፍትዌር ኩባንያ ጥር 23 ቀን 2009 ዓ.ም. የመረጃ ቋቱ በስህተት ሲሰረዝበት፣ ካዘጋጃቸው የመጠባበቂያ ዘዴዎች በርካታዎቹ እንደማይሠሩ የተረዳው በዚያው ዕለት ነበር። ከ6 ሰዓት በፊት ከተወሰደ ቅጂ አገልግሎቱን ለመመለስ 18 ሰዓት ገደማ ፈጅቶበታል፤ አንዱ ምክንያትም ቅጂው የነበረበት ዲስክ ዘገምተኛ መሆኑ ነው። በመካከሉ ባሉት 6 ሰዓታት የተመዘገበው መረጃ ግን አልተመለሰም።

ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ የሚሻው ክፍተት

መጠባበቂያ ቅጂ መረጃውን የሚመልሰው ቅጂው እስከ ተወሰደበት ሰዓት ድረስ ብቻ ነው። ለምሳሌ ቅጂው ሐሙስ ሌሊት ተወስዶ ሰርቨሩ ዓርብ ከቀኑ 8 ሰዓት ቢበላሽ፣ ዓርብ ጠዋት የተመዘገበ ጉዳይ በቅጂው ውስጥ አይገኝም። በዚያ ጠዋት የአባቷን ማሳ በውርስ ያስመዘገበች ልጅ ብትኖር፣ የተመለሰው መረጃ ማሳውን አሁንም በሟች ስም ያሳያል። ኮምፒዩተሩ ይህን እንደ ስህተት አያውቀውም። ክፍተቱን የሚሞላው ባለሙያው ማመልከቻውን፣ የውርስ ማስረጃውንና በእጅ የተያዘውን መዝገብ እያመሳከረ በድጋሚ ሲመዘግብ ነው። ይህ ሳይጠናቀቅ አገልግሎት ቢጀመር አንድ ማሳ ለሁለት ሰው ሊተላለፍ፣ ከዚያም ዓመታት ለሚወስድ ክርክር ምክንያት ሊሆን ይችላል።

ሆኖም የኮምፒዩተር መበላሸት የይዞታን መብት አያስቀርም። መብቱ የተመሠረተው በፌዴራል የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 1324/2016 እና በአማራ ክልል አዋጅ ቁጥር 252/2009 ላይ ነው፤ ኮምፒዩተሩ መብቱ የሚመዘገብበት መሣሪያ ነው።

ተገልጋዮች ምን ማድረግ ይገባቸዋል?

• የይዞታ ማረጋገጫ ደብተርን፣ የማሳ ካርታን፣ የውል ሰነዶችንና ከጽሕፈት ቤቱ የተሰጡ ደረሰኞችን ከእርጥበትና ከእሳት ጠብቆ ማስቀመጥ።
• የመጨረሻው ቅጂ የተወሰደበትን ቀን መጠየቅ፤ ጉዳያቸው ከዚያ ቀን በኋላ የተመዘገበ ከሆነም ማስረጃቸውን ይዘው ለባለሙያው ማሳወቅ።
• የቀረበ ማመልከቻ ተሰርዟል በሚል ግምት ሌላ ማመልከቻ ከማቅረብ በፊት የመጀመሪያው ያለበትን ሁኔታ ማጣራት፤ አንድ ጉዳይ ሁለት ጊዜ ሲመዘገብ ማጣራቱ ይረዝማል።
• «ሲስተሙ ሲመለስ ይመዘገባል» በሚል የቃል ስምምነት ገንዘብ ከመክፈል ወይም ማሳ ከማስረከብ መቆጠብ።
• አገልግሎቱ ሲጀመር የባልና ሚስት ስም፣ የማሳ ብዛት፣ ስፋትና አዋሳኞች በእጃቸው ካለው ሰነድ ጋር መስማማታቸውን ማየት፤ ልዩነት ካገኙም ለጽሕፈት ቤቱ በጽሑፍ ማመልከትና የማመልከቻውን ቅጂ ማስቀረት።