የኮሶ ዛፍ ወንድና ሴት አለው

ወዳጆቼ፣ በተለይ የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ ዛሬ ስለ ኮሶ ላውጋችሁ። ስሙን ስትሰሙ ፊታችሁን እንዳታጨፈግጉ፤ ጠጡ አላልኩም።

ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ጎንደር የገባው በፈረንጆች የካቲት 1770 ነው፤ ጊዜው የራስ ሚካኤል ስሑል ነበር። በ1790 ባሳተመው መጽሐፉ ስለ ኮሶ ሰፋ አድርጎ ጽፏል። ሕዝቡ በየወሩ እንደሚጠጣው፣ ዛፉም በየቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ከጽዱ ጋር እንደሚተከል ይናገራል። የዕፅዋቱን ሥዕል ይሠራለት የነበረው ጣሊያናዊው ሉዊጂ ባሉጋኒ ግን እዚሁ ጎንደር ሞተ። ብሩስ የሚገባውን ድርሻ አልሰጠውም፤ ይህ ሁልጊዜ ያናድደኛል።

ብሩስ ዛፉን በጆሴፍ ባንክስ ስም «ባንክሲያ» አለው። ስሙ ቀደም ብሎ ለአውስትራሊያ ተክል ተሰጥቶ ስለነበር አልጸናም። በ1791 ጀርመናዊው ግመሊን ሀገን በሚባል የመድኃኒት ቀማሚ ስም «ሀጌኒያ አቢሲኒካ» ብሎ ሰየመው። የጎንደር ሰው ያኔም ዛሬም የሚለው ኮሶ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ኮሶ የጽጌረዳና የኮክ ዘመድ ነው፤ አንድ ቤተሰብ ናቸው። ኮክ ግን አንዷ አበባ ውስጥ ወንዴውም ሴቴውም አለ። ብናኙ ሴቴው ጫፍ ላይ ያርፋል፣ ወደ ውስጥ ቱቦ ያበቅላል፣ ከእንቁላሉ ጋር ሲዋሐድ እንቁላሉ ዘር ይሆናል፤ በዙሪያው ያለው የአበባው ማህፀን ደግሞ የምንገምጠው ፍሬ ይሆናል። ኮሶ ላይ እንደ ፓፓያ ነው፤ አንዱ ዛፍ ወንድ፣ ሌላው ሴት። የወንዱ አበባ ነጣ ወይም ብርቱካንማ ያለ፣ ላባ የሚመስል ነው። የሴቷ ቀላ ብሎ ይንዠረገጋል። ብናኝ ከደረሳት ፍሬዋ ደረቅና ጥቃቅን ነው፤ አንዱ ፍሬ አንድ ዘር ይይዛል፣ ከአበባው የቀሩት ስስ ቅጠሎች እንደ ክንፍ ሆነው በነፋስ ያስወስዱታል።

እንግዲህ አስቡት። አያቶቻችን ለትሉ መድኃኒት ብለው የሚመርጡት የሴቷን አበባ ነው። ያ ማለት ዘር ሊሆን የነበረው ነው የሚለቀመው። ቢሆንም ዛፏ ትልቅ ናት፣ ከላይ የማይደረስበት ይተርፋል፣ ስለዚህ አበባ ለቀማ ብቻውን ኮሶን አላጠፋም። የጎዳው መጥረቢያ ነው፤ እንጨቱ ቀይና ጥሩ ጣውላ ይወጣዋል። በእኔ ግምት ደግሞ መጀመሪያ የሚቆረጠው «ለምንም አይሆንም» የተባለው ወንዱ ነው። ፓፓያ የሚተክሉ ሰዎች ወንዱን «መካን» ብለው ሲጥሉት አይታችሁ የለ? ወንድ አጠገቧ የሌላት ኮሶ በየዓመቱ ታብባለች፣ ታምራለች፣ ለመድኃኒትም ትለቀማለች። የሚበቅል ዘር ግን አትሰጥም። ሰው ዛፉ አለ ብሎ ያስባል።

ዛሬ ለኮሶ ትል ኪኒን አለ፣ ጥሩ ነው፤ ኮሶ መጠኑ ከበዛ ይጎዳል። ግን ዛፉን የሚፈልገው ሰው ከመድኃኒቱ ጋር አብሮ ቀነሰ።

ችግኝ የምታፈሉ ልጆች፣ ኮሶ እስኪያብብ ድረስ ወንድ ይሁን ሴት በዓይን አይለይም። ስለዚህ አንድ አንድ አትትከሉ፤ ሰብሰብ አድርጋችሁ ብዙ ትከሉ። ደጋ ይወዳል፣ ከ2,400 እስከ 3,300 ሜትር ገደማ።

ዳባት፣ ደባርቅና ጃናሞራ ያላችሁ ደግሞ፣ ደብራችሁ ግቢ ስንት ኮሶ አለ? ሲያብብ ቀዩንና ነጣ ያለውን ለይታችሁ ቁጠሩና እዚሁ ታች ጻፉልኝ።