በቆጂና ስመ ጥር ልጆቿ

የአንዲት ትንሽ የገጠር ከተማ ታሪክ ሲጻፍ ጸሐፊው ብዙውን ጊዜ የሚነሣው ከባላባቶቿና ከሹማምንቷ ነው። በአርሲ ደጋ የምትገኘው በቆጂ ግን ስሟ በዓለም የተጠራው ርስትም ሆነ ሹመት ባልነበራቸው፣ ከገበሬ ቤት በወጡ ልጆች ምክንያት ነው። ይህ አጭር ጽሑፍ የሚመረምረው አንዲት ትንሽ ከተማ ይህን ያህል ስመ ጥር ሰዎችን ለማፍራት ስለ ምን እንደ ቻለች ነው። ዓመታቱ ሁሉ የተጻፉት እንደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው።

ከአዳማ ተነሥቶ ወደ ደቡብ የሚጓዝ መንገደኛ የአዋሽን ወንዝ ተሻግሮ በዴራና በኢተያ በኩል ከስምጥ ሸለቆው ወለል ወደ ደጋው ይወጣል። 75 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ አሰላ ይደርሳል፤ ከዚያም በሳጉሬ አልፎ ከ56 ኪሎ ሜትር ያህል በኋላ በቆጂ ይገባል። አዳማ ከባሕር ወለል በላይ በ1,700 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስትገኝ በቆጂ 2,800 ሜትር ያህል ትደርሳለች። አገሩ ገብስና ስንዴ የሚዘራበት፣ ፈረስም የሚወደድበት ብርዳም ደጋ ነው። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ የከተማዋ ነዋሪ 17,000 አይሞላም ነበር።

የአርሲ ኦሮሞ ከ1874 እስከ 1878 ዓ.ም. ድረስ የምኒልክን ሠራዊት ተቋቁሞ ከተዋጋ በኋላ ተሸነፈ፤ መሬቱም በብዛት ለሠራዊቱና ለመኳንንቱ ተሰጠ። ከዚያ ወዲህ እስከ 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ድረስ በአገሩ ታላቅ ሰው የሚባለው በመሬቱና በሹመቱ የሚታወቀው ነበር። ደራርቱ ቱሉ የተወለደችው ይህ አዋጅ ከመውጣቱ ሦስት ዓመት አስቀድሞ፣ በ1964 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ የበቆጂ አዲሶቹ ስመ ጥሮች የመጡት አሮጌው የታላቅነት መለኪያ በወደቀበት ዘመን መሆኑን ልብ ማለት ይገባል።

አበበ ቢቂላ በ1952 ዓ.ም. በሮም የመጀመሪያውን የኦሊምፒክ ወርቅ ለኢትዮጵያ ካመጣ በኋላ ኢትዮጵያውያን ሴቶች ተመሳሳይ ድል እስኪያገኙ ድረስ 32 ዓመት አልፏል። በ1984 ዓ.ም. ደራርቱ በባርሴሎና በ10,000 ሜትር ሩጫ አሸንፋ የኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሆነች። ሁለተኛ የወጣችው ነጭ ደቡብ አፍሪካዊት ኤላና ማየር ነበረች፤ አገሯም በዘር መድልዎ ሥርዓቷ ምክንያት ከኦሊምፒክ ተለይታ ኖራ የተመለሰችው በዚያው ዓመት ነው። ሁለቱ እጅ ለእጅ ተያይዘው ሜዳውን ሲዞሩ መታየታቸው ከሩጫው ድል ያላነሰ የታሪክ ምስክር ሆኗል። ደራርቱ በ1993 ዓ.ም. በሲድኒ ድሏን ደገመች፤ ከ2011 እስከ 2017 ዓ.ም. ድረስም የኢትዮጵያ አትሌቲክስ ፌዴሬሽንን በፕሬዚዳንትነት መርታለች።

ከእርሷ በኋላ ፋጡማ ሮባ በ1988 ዓ.ም. በአትላንታ ማራቶንን ያሸነፈች የመጀመሪያዋ አፍሪካዊት ሆነች። ቀነኒሳ በቀለ በ1996 ዓ.ም. በአቴንስ አንድ፣ በ2000 ዓ.ም. በቤጂንግ ሁለት ወርቅ አገኘ፤ በ5,000 እና በ10,000 ሜትር ያስመዘገባቸው የዓለም ክብረ ወሰኖችም እስከ 2012 እና 2013 ዓ.ም. ድረስ ሳይሰበሩ ቆይተዋል። ጥሩነሽ ዲባባም በዚያው በቤጂንግ ሁለቱንም ርቀት አሸነፈች። በዚህ ምክንያት በዚያ ዓመት በኦሊምፒኩ የወንዶችና የሴቶች 5,000 እና 10,000 ሜትር አራቱም ወርቆች በአንዲት ትንሽ የአርሲ ከተማ ልጆች እጅ ገቡ። በ2004 ዓ.ም. በለንደን ጥሩነሽ በ10,000 ሜትር፣ ቲኪ ገላና በማራቶን ወርቅ ጨመሩ። ባጠቃላይ በ20 ዓመት ውስጥ 10 የወርቅ ሜዳልያ ተገኝቷል፤ ከእነዚህም ሰባቱ የሴቶች ናቸው።

የዚህን ምክንያት ሲጠየቅ ብዙ ሰው «አየሩ ነው» ብሎ ይመልሳል። ከፍታው ሰውነትን ለሩቅ ሩጫ እንደሚያዘጋጅ አይካድም፤ ልጆችም ወደ ትምህርት ቤት በሩጫ መመላለሳቸው የታወቀ ነገር ነው። ነገር ግን ደብረ ብርሃንም በበቆጂ ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ በመላው ደጋ እየሮጠ የሚማር ልጅ ደግሞ ቁጥር የለውም። አየሩ ከጥንት ጀምሮ የነበረ ሲሆን ድሉ የመጣው ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ ነው። ሁልጊዜ የነበረ ነገር ደግሞ ድንገት የተገኘን ነገር ብቻውን ሊያስረዳ አይችልም።

ስለዚህ ምክንያቱን ከሰዎች ሥራ መፈለግ ይገባል። ከእነዚህ ሰዎች አንዱ የአገሩ ተወላጅ ያልሆኑት መምህር ስንታየሁ እሸቱ ናቸው። በበቆጂ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሰውነት ማጎልመሻ አስተማሪ ሳሉ ደራርቱን፣ ቀነኒሳንና ጥሩነሽን ገና ከጅምራቸው አሠልጥነዋል። ሁለተኛው ምክንያት ዝምድና ነው። ደራርቱ የዲባባ ልጆች የቅርብ ዘመድ ናት፤ እጅጋየሁ፣ ጥሩነሽና ገንዘቤ እኅትማማቾች፣ ቀነኒሳና ታሪኩም ወንድማማቾች ሲሆኑ አምስቱም የኦሊምፒክ ሜዳልያ አግኝተዋል። ጥሩነሽ በልጅነቷ ወደ አዲስ አበባ የመጣችው ታላላቆቿ ወዳሉበት ቤት ነው፤ መንገዱን ከእርሷ አስቀድመው የጠረጉላት ነበሩ። ደራርቱ በባርሴሎና ስታሸንፍ ቀነኒሳ የአሥር ዓመት፣ ጥሩነሽ የሰባት ዓመት ያህል ልጆች ነበሩ። ለበቆጂ ልጃገረድ ከዚያ ቀን በኋላ ሩጫ እንግዳ ነገር ሳይሆን የአንዲት ዘመድ ወይም ጎረቤት ሥራ ሆነ።

የአርሲ ኦሮሞ ሴቶች ሲንቄ የተባለውን በትር ይዘው በደልን የሚቃወሙበት ጥንታዊ ሥርዓት አላቸው። የሴቶቹን ድል ከዚህ ሥርዓት ለማውጣት መሞከር ያለ ማስረጃ መናገር ይሆናል፤ ሆኖም ከሰባቱ ወርቆች በስተጀርባ ምን ዓይነት እናቶችና አባቶች፣ ምን ዓይነትስ የቤት ውስጥ ክርክር እንደ ነበረ መጠየቅ የባህል ተመራማሪ ግዴታ ነው።

በ2004 ዓ.ም. የወጣው «የሯጮች ከተማ» የተሰኘው ዘጋቢ ፊልም የተከተለው ገና ስም ያላወጡ ልጃገረዶችን ነው። ለአንድ ባለ ሜዳልያ በየማለዳው አብረው የሮጡ፣ ኋላም ወደ እርሻቸውና ወደ ትዳራቸው የተመለሱ ብዙዎች አሉ። ድሉን ለአየር ብቻ የምንሰጥ ከሆነ የእነዚህ ሁሉ ድካም፣ የመምህሩ ትጋት፣ የወላጆችም ፈቃድ ከታሪክ ይሰረዛል። የሜዳልያዎቹ ዝርዝር በየመዝገቡ ተጽፎ ይኖራል፤ አብሮ አደጎቹ፣ ወላጆቹና አስተማሪዎቹ የሚያውቁት ግን እነርሱ በሕይወት ሳሉ ካልተጻፈ ከእነርሱ ጋር ያልፋል። የአገራችን የታሪክ ተማሪዎች ደብተራቸውን ይዘው ወደ በቆጂ ቢወጡ፣ ከባለ ወርቆቹ ደጃፍ አስቀድመው የእነዚህን ሰዎች ደጃፍ ማንኳኳት ይገባቸዋል።